ቶፉ ለጥብስ፣ ቶፉ ለወጥ፦ የትኛውን ገዝተን እንዴት እንሥራው?

እናቴ ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ ልትጠይቀን የመጣችው በዓቢይ ጾም ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ ቶፉ ጥብስ ልሠራላት ተነሣሁ። ነጩን ጡብ ከፕላስቲኩ አውጥቼ መክተፊያው ላይ ሳስቀምጥ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬ ጾም አይደለም እንዴ? አይብ ምን ያደርግልሃል?»

አይብ አይደለም፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራ የጾም ምግብ ነው አልኳት። እንዳላመነችኝ ፊቷ ያስታውቃል። ማዕድ ላይ አንዷን ቁራጭ በእንጀራ ጠቅልላ ጎረሰች። አላመጠች፣ አላመጠች። «ላዩ ጥብስ ነው፤ ውስጡ ግን ውሃ ነው» አለችኝ።

ስለ ቶፉ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ሲለኝ ሰምቻለሁ። ነገሩን እንደ እሷ ባጭሩ የጨረሰው ግን የለም። «ቶፉ አይጣፍጥም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የበላው ጨው ያልነካው ውሃ ነው። ስለዚህ የቱን እንግዛ፣ ውሃውን እንዴት እናውጣ፣ በምን እንጥበስ የሚለው ጥያቄ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የውሃ ጉዳይ ነው።

አይብ ማለቷም ቢሆን ብዙ አልተሳሳተችም። አኩሪ አተር ይዘፈዘፋል፣ ይፈጫል፣ ይጠለላል፤ ወተት የመሰለ ነገር ይወጣዋል። ወተቱ ከፈላ በኋላ የሚያረጋው ነገር ይጨመርበታል። ጃፓኖች ኒጋሪ የሚሉት ማግኒዝየም ክሎራይድ ወይም ጂፕሰም ነው፣ ማለትም ካልሲየም ሰልፌት። ወተቱ ሲረጋ አጓቱ ይለያል። የረጋውን በጨርቅ ጠቅልሎ መጫን ነው። ብዙ ከተጫነ ጠንካራ ቶፉ ይሆናል፤ ትንሽ ከተጫነ ለስላሳ። ጠንካራ የሚባለው እንኳ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛ በላይ ውሃ ነው።

ከመደርደሪያው የቱን ላንሣ?

መጀመሪያ ምን ልትሠሩ እንደሆነ ወስኑ። ቶፉውን ገዝቶ ቤት ገብቶ «አሁን ምን ልሥራበት?» ማለት ነው ብዙ ሰው የሚያበላሸው።

ሲልከን የሚባለው ጭራሽ አልተጫነም። እንደ እርጎ በረጋበት ዕቃ ውስጥ ነው የሚሸጠው። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት እሱን ነበር። ለጥብስ ብዬ መጥበሻ ላይ ጣልኩት፤ ሁለቴ ሳማስለው ገንፎ ሆኖ ቁጭ አለ። ጥፋቱ የቶፉው አልነበረም። ሲልከን የራሱ ቦታ አለው። በብሌንደር ተመትቶ ለጾም ፓስታ ነጭ ሶስ ይሆናል፤ ክሬም ሆኖም ሾርባ ያወፍራል። ጃፓኖች በጋ ላይ ቀዝቃዛውን እንዳለ ሶያ ሶስና የተፈቀፈቀ ዝንጅብል አድርገውበት ይበሉታል። ቶፉ ሲሸጥ የበሰለ ነገር ስለሆነ ጥሬ በላሁ ብላችሁ አትጨነቁ። ጥብስና ወጥ ውስጥ ግን አታግቡት።

ሶፍት (ለስላሳ) እና ሚዲየም (መካከለኛ) ለኮሪያና ለቻይና ሾርባዎች ደህና ናቸው። ለእኛ ማዕድ ብዙም አይፈለጉም።

ፈርም (ጠንካራ) እና ኤክስትራ ፈርም (ይበልጥ ጠንካራ) ላይ ነው ዋናው ምርጫ። ለወጥና ለፍርፍር ፈርም፣ ለጥብስ ኤክስትራ ፈርም እላለሁ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ስሙ በየፋብሪካው ይለያያል። የአንዱ ፈርም ከሌላው ኤክስትራ ፈርም ጠንክሮ ታገኙታላችሁ። እኔ ስሙን ትቼ የማሸጊያውን ጀርባ ነው የማነበው። በእኩል ክብደት ፕሮቲኑ የበዛው ውሃው ያነሰ ነው። በጣት ጫን ማድረግም ይረዳል። ጣታችሁ ከጠለቀ ለጥብስ አይሆንም።

ከዚህ ሌላ ሱፐር ፈርም የሚባል አለ። ውሃ ውስጥ ሳይሆን በቫኪዩም ታሽጎ፣ ጠፍጠፍ ብሎ ነው የሚመጣው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ግን ውሃው ከሌሎቹ ያነሰ ነው። መጫን የለ፣ መጠበቅ የለ፣ ከፍሪጅ አውጥቶ ቆርጦ መጥበስ ነው። ከሥራ ተመልሶ ሃያ ደቂቃ ብቻ ላለው ሰው እሱን እመርጣለሁ። ለወጥ ግን አልወደውም። ድርቅ ያለ ስለሆነ ቁሌቱን አይጠጣም። ወጡ ለብቻው፣ ቶፉው ለብቻው ይሆናሉ።

በእስያ ሱቆች ተጠብሶ ያለቀ፣ ውስጡ ባዶ ባዶ የሆነ ቶፉም ይሸጣል። ላዩ ቡኒ፣ ሲነኩት ቀለል የሚል ነው። የፈላ ውሃ አፍስሱበትና ላዩ ላይ ያለውን ዘይት አጥቡለት፤ ከዚያ ወጥ ውስጥ ጣሉት። እንደ ስፖንጅ ይጠጣል። ለሰነፍ ቀን ከዚህ የተሻለ የለም።

ውሃውን ማውጣት፦ መጫን፣ ማፍላት ወይስ ማቀዝቀዝ?

የምግብ አሠራር የሚያስተምሩት ሁሉ «ተጫኑት» ይላሉ። በፎጣ ጠቅልሎ ከላይ ከባድ ድስት ወይም የቲማቲም ጣሳ ደርድሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ይሠራል። ለዚሁ ብቻ የተሠራ መጫኛም ገበያ ላይ አለ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ? እኔ ከተውኩት ቆይቻለሁ። መጫን ውሃ ያወጣል እንጂ ጨው አያስገባም። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ያው ውስጡ አልጫ የሆነ ቶፉ ካገኘሁ ምን ተረፈኝ?

ጨው ባለው ሙቅ ውሃ ማፍላት ይበልጥብኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ይስቃል። ውሃ ለማውጣት ውሃ ውስጥ መክተት ምን የሚሉት ነገር ነው? ግን ሞክሩት። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ሙሉ የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ከፓስታ ውሃ ትንሽ ጠንከር ይበል። ሲፈላ የተቆራረጠውን ቶፉ ጨምሩና እሳቱን ቀንሱ፤ ለ10 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይንተክተክ። ሙቀቱ የቶፉውን ፕሮቲን ሰብሰብ ያደርገዋል፤ ሲሰበሰብ ውሃ ይተፋል። ጨዉም ወደ ውስጥ ይገባል። በጭልፋ አውጥታችሁ ንጹሕ ፎጣ ላይ ዘርጉት። ትኩስ ስለሆነ እንፋሎቱ እየወጣ ላዩ በራሱ ይደርቃል። አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ በጣት ስትነኩት ድርቅ፣ ሸከር ይላል። አንዷን ቁራጭ ቅመሱ። ምንም ሳይነካት ጨው ጨው ትላለች። እናቴ ውስጡ ያጣችው ይሄን ነበር።

ሦስተኛው ፍሪዘር ነው። ይኸኛው ቶፉውን ሌላ ነገር ያደርገዋል። ውሃው በረዶ ሲሆን ይሰፋል፤ ቶፉውን በውስጡ እየቀደደ ቀዳዳ ቀዳዳ ያደርገዋል። በረዶው ሲቀልጥ ቀዳዳው ይቀራል። በእጃችሁ ጭምቅ ስታደርጉት ውሃው ጠር ብሎ ይወርዳል፤ ስትለቁት ተመልሶ ይነፋል። ሲያኝኩትም እንደ ሥጋ ጠንከር ይላል። ፍሪዘር ውስጥ ቢጫ ይሆናል፤ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትጥሉት፣ ሲቀልጥ ተመልሶ ይነጣል። ጃፓኖች ይህን ዘዴ ከጥንት ያውቁታል። በበረዶ የደረቀውን ቶፉ ኮያዶፉ ይሉታል፤ ስሙ የቡድሃ ገዳማት ካሉበት ከኮያ ተራራ የመጣ ነው። ሥጋ የማይበሉ መነኮሳት ፈለሰፉት የሚባለው ነገር ለእኛ ጾም ቢስማማ አይገርምም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሳትቆርጡ አታቀዝቅዙት። እኔ አንዴ ሙሉውን ጡብ እንዳለ ከትቼ፣ ዓርብ ምሽት እንግዳ ጠርቼ፣ ድንጋይ የሆነ ቶፉ በቢላ ስደበድብ ነው ያመሸሁት። ቆርጣችሁ፣ ዘርግታችሁ፣ ሌሊቱን ፍሪዘር፤ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ይቅለጥ። ቸኩላችሁ ከሆነ የፈላ ውሃ አፍስሱበት።

ለማሳጠር ያህል፣ ለጥብስ የጨው ውሃ፣ ለወጥ ፍሪዘር። መጫኑን ጊዜ ለተረፈው ሰው ልተወው።

ቢላ ወይስ እጅ?

ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ለውጥ አላት። በቢላ የተቆረጠ ቶፉ ገጹ ለስላሳ ነው፤ አዋዜው ላዩ ላይ ይንሸራተታል። በእጅ የተቆረሰ ግን ሸካራ ነው። ጫፍ ጫፉ መጥበሻ ላይ ይጠበሳል፣ ሥርቻው ቅመሙን ይይዛል። ለእንግዳ እንዲያምር ከሆነ በቢላ። ለራሴ ስሆን እንደ ድፎ ዳቦ እቆርሰዋለሁ።

በምን እንጥበሰው?

መጥበሻ፣ ኦቭን፣ ኤር ፍራየር ወይም ዘይት ውስጥ ማጥለቅ። አራቱንም ሞክሬያለሁ።

መጥበሻ ያሸንፋል፤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ለ14 አውንስ ጡብ፣ 400 ግራም ገደማ መሆኑ ነው፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል። መጥበሻው ይጋል፣ ዘይቱ ይጋል፣ ከዚያ ቶፉው ይግባ። ከገባ በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ገና ሳይይዝ ማማሰል ይጀምራል። ያን ጊዜ ይቀደዳል፣ ቅርፊቱም መጥበሻው ላይ ይቀራል። አራት አምስት ደቂቃ ተዉት። ሲጠበስ ራሱ ይለቃችኋል። በማንኪያ ጫፍ ገፋ ስታደርጉት ከተንቀሳቀሰ ገልብጡት፤ ካልተንቀሳቀሰ ጊዜው አልደረሰም። መጥበሻውንም አታጨናንቁት። ከተጨናነቀ በእንፋሎት ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ከማይዝግ ብረት ይልቅ የማይይዝ መጥበሻ ወይም በደንብ ዘይት የጠጣ የብረት መጥበሻ ይሻላል።

ኤር ፍራየር ላለው ሰው በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም በ400 ፋራናይት ገደማ፣ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ። መሐል ላይ አንዴ ወዝወዝ አድርጉት። ዘይት ይቆጥባል፣ ማድቤቱም አይጨስም። ቅርፊቱ ከመጥበሻው ደረቅ ይላል፤ ቆይቶ ከተበላ ይጠነክራል። ኦቭን በዚያው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ለአንድ ጡብ ኦቭን ማሞቅ ብክነት ነው። ለማኅበር ወይም ለዝክር አምስት ስድስት ጡብ ስትሠሩ ግን እሱ ነው የሚያዋጣው። ዘይት ውስጥ ማጥለቅ ከሁሉ ይጣፍጣል። ግን ጽዳቱስ? ለሬስቶራንት ልተወው።

ስታርችስ ያስፈልጋል ወይ? ለጥብስ አዎ። ለአንድ ጡብ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ነስንሳችሁ በእጅ ለውሱት፤ ላዩ ብስኩት ይሆናል። ለወጥ አያስፈልግም፤ መረቁ ውስጥ ሲገባ ቅርፊቱ ይልሞሰሞሳል። አንድ ጊዜ ስታርች ጨርሼ ሽሮ ነሰነስኩበት። ሽታው ጎረቤት ይጠራል! ግን ሽሮው ውስጥ ያለው በርበሬ ቶሎ ያራል፤ እሳቱ ዝቅ ካላለ ይመራል።

ቅመሙ መቼ ይግባ?

ሌሊቱን በቅመም ዘፍዝፎ ማሳደር የሚባለውን ነገር ብዙ አላምንበትም። ቶፉው ራሱ በውሃ የተሞላ ነው። ዘይት ያለበት ማጣፈጫ ወደ ውስጡ አይገባም፤ ላዩን ይቀባዋል እንጂ። ላዩ በረጠበ ቁጥር ደግሞ ጥሩ አድርጎ አይጠበስም። አዋዜ ቀብታችሁ ብትጠብሱትማ ቶፉው ሳይጠበስ በርበሬው ያራል። ጨው በፈላው ውሃ፣ ሌላው ቅመም ሁሉ ከተጠበሰ በኋላ። ትኩስና ደረቅ ሆኖ ሲወጣ ያገኘውን ይጠጣል። በፍሪዘር ያለፈው ብቻ ነው ተዘፍዝፎ የሚያተርፈው፤ ቀዳዳ አለዋ።

ሦስቱ የእኛ ቤት ምግቦች

ለጥብስ፣ ቶፉውን ለብቻው ጠብሳችሁ አውጡ። በዚያው መጥበሻ ቀይ ሽንኩርት በወፍራሙ ከትፋችሁ በኃይለኛ እሳት ሁለት ደቂቃ ብቻ። ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠል፣ ቃሪያ። አንድ ማንኪያ አዋዜ በትንሽ ውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱና ቸስ ሲል ቶፉውን መልሱት። ሠላሳ ሰከንድ አገላብጣችሁ አውርዱት። ቲማቲም የምትወዱ ከሆነ ትንሽ ብቻ፤ ውሃ ነው፣ የደከማችሁበትን ቅርፊት ያጠፋዋል። ለልጆች አዋዜውን ትታችሁ በጨውና በቁንዶ በርበሬ መሥራት ይቻላል።

ለቀይ ወጥ አትቸኩሉ። እዚህ ላይ ቶፉ የሚፎካከረው ከሥጋ ጋር አይደለም፤ ከየሽምብራ ዓሣ ጋር ነው። የሽምብራ ዱቄት ለውሰው፣ በዓሣ ቅርጽ ቆርጠው፣ ጠብሰው ወጥ ውስጥ የሚጥሉ እናቶች ነገሩን ቀድመው አውቀውታል። ራሱ ጣዕም ያለው ጥራጥሬ በቁሌት ሲበስል ማለት ነው። ጣዕሙን ብቻ ካያችሁ የሽምብራ ዓሣ ይበልጣል፤ በዚህ አልከራከርም። ቶፉ የሚበልጠው በልስላሴውና ድካሙን በመቀነሱ ነው። ቁሌቱን እንደ ዶሮ ወጥ አብስሉት። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ይቁላላ፣ ዘይቱ ይከተል፣ በርበሬው ውሃ ጠብ እያለለት በደንብ ይብሰል። ከፍሪዘር ወጥቶ የተጨመቀውን ቶፉ ያን ጊዜ ጨምሩ። ሃያ ደቂቃ በትንሽ እሳት ይቆይ። መከለሻ ነስንሳችሁ አውርዱት። ትኩሱን አትብሉት፤ አንድ ሰዓት ሲቀመጥ ይበልጥ ይጠጣል፣ በማግስቱማ ሌላ ነው።

ፍርፍር ከሁሉም ይቀላል። ፈርም ቶፉ በእጅ ፈርፍሩ። መጫን የለም፣ ማፍላት የለም፤ ውሃው መጥበሻው ላይ ይተናል። ሽንኩርትና ቃሪያ ጠበስ አድርጉ፣ እርድ በሻይ ማንኪያ ሩቡን፣ ከዚያ ቶፉው። ውሃው እስኪጠፋ አምስት ስድስት ደቂቃ አገላብጡት። ጨው መጨረሻ ላይ። ከሕንድ ሱቅ ካላ ናማክ የሚባለውን ጨው ካገኛችሁ ቁንጥር አድርጉበት። ድኝ ድኝ ስለሚሸት ቁርጥ የእንቁላል ሽታ ይሰጠዋል። እናቴ በዚህኛው ለሁለተኛ ጊዜ «ጾም አይደለም እንዴ?» ብላለች።

ቶፉ ካልተገኘስ?

አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶቼ ይህን ሳወራ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «የት ይገኛል?» ነው። በአንዳንድ ሱፐርማርኬት አለ፤ ሁልጊዜ ግን አይገኝም። ሌላ መንገድ አለ። በምያንማር የሻን ሕዝብ ቶፉውን የሚሠራው ከአኩሪ አተር ሳይሆን ከሽምብራ ዱቄት ነው። ማርጊያ አያስፈልገውም። አንድ ኩባያ ያልተቆላ የሽምብራ ዱቄት፣ ሦስት ኩባያ ውሃ፣ ጨው፣ ቁንጥር እርድ። ሳይጓጉል በጥብጡት፤ እሳት ላይ ሳያቋርጡ አማስሉ። አሥር ደቂቃ ያህል ሲቆይ እንደ ወፍራም ገንፎ ይከብዳል። ዘይት የተቀባ ሰሐን ላይ ገልብጡትና ይቀዝቅዝ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ በቢላ ይቆረጣል። አኩሪ አተር የማይስማማውም ሰው ይበላዋል። ሲጠበስ ቅርፊቱ ደስ ይላል፤ ወጥ ውስጥ ግን ብዙ ከቆየ ይፈርሳል። ጥብስ ላይ ይሻላል።

ቶፉው ተከፍቶ ከተረፈ ንጹሕ ውሃ ውስጥ አጥልቃችሁ፣ ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ውሃውን በየቀኑ ቀይሩለት፤ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ከኮመጠጠ ወይም ካዳለጠ ጣሉት። የተረፈ ጥብስ ደግሞ መጥበሻ ላይ ይሙቅ። ማይክሮዌቭ ያን ሁሉ ጊዜ ያደረቃችሁትን በአንድ ደቂቃ መልሶ ያረጥበዋል።